የሠላሳ ብሯ መጽሐፍ

ጉረኛ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። በመልክ አልጎርር፣ በደመወዝ አልጎርር፤ የምጎርረው መጽሐፍ በርካሽ በመግዛት ነው። ሌላው ሰው በአራት መቶ ብር የገዛውን እኔ በስልሳ ብር ይዤ ስመጣ ደስታው ሳምንት ያከርመኛል። ማንበቡማ ከዚያ በኋላ የሚደረስበት ነገር ነው። አሁን የምነግራችሁ ይህ ጉራዬ ያደረሰኝን ነው፤ ስጽፈው ራሱ ጆሮዬ ይግላል።

እንጅባራ ውስጥ አራት ሆነን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሻይ ቤት እንገናኛለን። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪናው ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ እየሰፋ ያነባል፣ የስንቱን ሱሪ እንዳጣመመ እግዜር ይወቀው። አንዷ ነርስ ናት፤ ንባቧ ፈጣን፣ አፏም ፈጣን። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አራተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጋሼ ናቸው። ያኔ ገጹን በቃሌ ሸምድጄ እንደሚያነብ ሰው ስለፈልፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረው እንደቆሙ፣ «አንተ! በቃልህ ነው የምትለው፤ ጣትህን ፊደሉ ላይ አድርግ» ይሉኝ ነበር። ሳያዩኝ እንዴት እንደሚያውቁ ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «የሚያነብ ልጅ ይደናቀፋል፤ አንተ መች ተደናቀፍህ?» አሉኝ።

የእሑዳችን ሥርዓት ቀላል ነው። ሁሉም በሳምንቱ ያገኘውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። «በስንት ገዛኸው?» ይባላል። ከሁሉ በርካሽ የገዛው ይመሰገናል፤ ከሁሉ በውድ የገዛው የሁላችንን ሻይ ይከፍላል። ከዚያ እያንዳንዱ ያነበበውን ይተርካል፤ መጨረሻውን ግን አይናገርም፣ መጽሐፉን ቀጥሎ የሚወስድ ሰው አለና።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የጋሼን ዓይን ግፊት ጎዳው። አሁን ብርሃንና ጥላ ነው የሚለዩት። ስለዚህ ለእሳቸው ስንል ሥርዓቱን አሻሻልነው፤ መጨረሻውም ይነገራል። መስማት የማይፈልግ ሰው ተነሥቶ በረንዳው ላይ ይቆማል፣ ሲያልቅ ይጠራል። ጋሼ «መጨረሻውን ስጡኝ፣ መጀመሪያውን እንኳ ራሴ እገምተዋለሁ» ይላሉ እየሳቁ። በሳምንቱ ውስጥ መጽሐፍ የሚያገኙት በእኛ አፍ ብቻ ነው። ይህን አስምሩልኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ለሥራ ዳንግላ ሄጄ ገበያው ውስጥ እዞራለሁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ሴትዮ አጠገብ የመጠቅለያ ወረቀት ተከምሯል፤ አሮጌ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ ከመሀሉ ደግሞ አንዲት መጽሐፍ። ሽፋኗ ላይ ሁለት ጎጆዎችና በመካከላቸው የሚያልፍ ወንዝ ተስሏል። ልቤ ድው አለ።

እዚህ ላይ የእኛን የርካሽ ፈላጊዎችን ጥበብ ልንገራችሁ። መጽሐፉን አትገልጠውም። ከገለጥኸው ወደድኸው ማለት ነው፤ ከወደድኸው ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገህ፣ ፊትህን አጨማደህ፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ትላለህ። እኔም እንዲሁ አልሁ።

«ሁለት መቶ ብር» አለች ሴትዮዋ።

«እንዴ! ምነው እናቴ፣ ለመጠቅለያ ወረቀት?»

«ለመጠቅለያ ቢሆንማ ቆሎዬን እሸጥበት ነበር። አንተ ልታነባት አይደል? ከመጣህ ጀምሮ በዓይንህ እየሰረቅህ ታያታለህ።»

ተከራከርሁ፣ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ሄድሁ። ዘወር ብላም አላየችኝ። በመጨረሻ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልሁ፤ እሷም እያዘነችልኝ አንድ እፍኝ ቆሎ ጠቅልላ መረቀችልኝ። በቆሎ ሻጭ ተሸነፍሁ። መጽሐፏን አንዴም ሳልገልጥ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኋት።

ይህን ሽንፈት እንዴት ልዋጠው? ገና ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሽፋኗን ፎቶ አነሣሁና በስልክ ለግሩፓችን ላክሁ፤ ከሥሩ «ዳንግላ ገበያ፣ ሠላሳ ብር!» ብዬ ጻፍሁበት። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አላደርሰው ሲል እንኳ እግዜር ተው ሲለኝ ነው ብዬ አላሰብሁም። እንጅባራ ስንደርስ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ወዲያው፣ «አንተ ሰው አይደለህም፣ ጭልፊት ነህ» ብሎ መለሰልኝ። ጋሼም በልጃቸው ስልክ በድምፃቸው፣ «ጎበዝ! እሑድን ያድርሰን» ብለው ላኩ።

እቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርሁ። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ከአባታቸው የወረሱት የውሃ ወፍጮ ያጣላቸዋል፤ ወንዙን ተሻግረው ለየብቻ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ዓመታት ያልፋሉ። ታላቁ አንድ ቀን ይነሣል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ የታናሹ አጥር ጋ ይደርሳል። «ጉሮሮውን ጠርጎ የወንድሙን ስም ጠራ። ከቤት ውስጥ» ይላል። ገለበጥሁ። ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ተቀዷል፤ የኋላ ሽፋኗ ብቻ ቀርቷል።

ሴትዮዋ መጽሐፏን ከኋላ እየቀደደች ስትጠቀልልባት ኖራለች! ዘልዬ ተነሥቼ ጃኬቴን በረበርሁ፤ ምናልባት የመረቀችልኝ ቆሎ የተጠቀለለበት ወረቀት ከዚያ የተገነጠለ ይሆናል ብዬ። የተማሪ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ለዚያውም መልሱ የተሳሳተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

እሑድ ስሄድ ልናገር ወስኜ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ገና ስገባ ልብስ ሰፊው ተነሥቶ አጨበጨበ። «ሠላሳ ብር! እስኪ አምጣት፣ እስኪ እንያት!» አለ። ጋሼ መጽሐፏን ተቀብለው ሽፋኗን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አሸተቷት። «አሮጌ ናት፤ ደስ ትላለች» አሉ። ምስጋናው እንደ ጠላ አናቴ ላይ ወጣ። ታሪኩን ጀመርሁ፤ ስተርክ ደግሞ አላማም። አጥሩ ጋ ስደርስ ነርሷ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ ቀጥዬ የምወስዳት፤ መጨረሻውን እንዳታሰሙኝ» ብላ በረንዳ ወጣች።

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እህ? ከቤት ውስጥ ምን?»

«ጋሼ፣ መጨረሻዋ ተቀዷል» ማለት ነበረብኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ልብስ ሰፊው «ለዚህ ነዋ ሠላሳ ብር!» ብሎ ሲስቅብኝ ገና ሳይስቅ ሰማሁት። አፌ ቀደመኝ። «ታናሹ ድምፁን ሰምቶ ወጣ» አልሁ። «እጁን ይዞ አስገባው። ከእሳቱ ዳር አስቀምጦ እግሩን አጠበው።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሻያቸው ቀዘቀዘ።

«ታላቁ ነው አይደል የሄደ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ፣ ታላቁ ነው።»

«ታላቁ» አሉ ለራሳቸው።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ጋሼ ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ታናሽ ወንድም አሏቸው። አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ድንበር ላይ ለከሰል የተተከለ የዲከረንስ ዛፍ ነበር፤ ወንድምየው ሳያማክሯቸው ቆርጠው አከሰሉት፤ ከዚያ ቃል ቃልን ወልዶ፣ በእናታቸው ተዝካር እንኳ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ይህን እኔም አውቃለሁ። ስዋሽ ግን ትዝ እንኳ አላለኝ። የሚያሳፍረኝ አንዱ ይኼ ነው፤ ክፉ አስቤ ቢሆን እንኳ ስለ እሳቸው አስቤ ነበር ማለት ነው። እኔ ያሰብሁት ስለ ሠላሳ ብሬ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ አልመጡም። «ጠዋት በጥሊሊ ሚኒባስ ሲሳፈሩ አየኋቸው» አለ ልብስ ሰፊው። «ብቻቸውን፣ በዱላ። ረዳቱ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ወዴት ነው ጋሼ ብላቸው ‘የመጽሐፉ ሰውዬ ወደ ሄደበት’ አሉኝ።» እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ ሽምቅቅ አልሁ።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ በክንዴ ይዛ በረንዳ አወጣችኝ። ከቦርሳዋ ያችኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ሽፋን አወጣች፤ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ አግኝታት ኖሯል። እኔ «አንዴ ልድገማት፣ አንድ ሳምንት ቆዪኝ» እያልሁ ስከለክላት ትዕግሥቷ አልቆ ገዛቻት።

«መጨረሻውን ምን ብለህ ነው የነገርሃቸው? ልብስ ሰፊው ሌላ ነገር ነው የሚለኝ» አለችኝ።

«ምን… ምን ይላል መጨረሻው?»

«ቤቱ ባዶ ነው። ታናሹ አገር ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ታላቁ እስኪመሽ ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። በቃ!» አፍጥጣ አየችኝ። «አላነበብኸውም እንዴ?»

ነገርኋት። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ መቶ ሃምሳው ብር፣ ስለ ሁሉም። ትስቃለች ብዬ ነበር። «ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ በአንተ ጉራ ሰው ደጅ ቆመዋል» አለችኝ። «እኔ አልነግራቸውም። አንተው ትነግራቸዋለህ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድሁ። ጋሼ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። በእግሬ ኮቴ አወቁኝ። «መጣህ? ተቀመጥ» አሉኝ። የምለውን መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር። ግን እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሄጄ ነበር» አሉ። «አልወጣም። ሚስቱ ‘የለም’ አለችኝ። ሲስል ሰማሁት፤ የወንድሜን ሳል አጣዋለሁ? ከደጁ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ሲመጣ ሴትዮዋ ‘ይግቡ’ አለችኝ፣ እሱ ሳይለኝ አልገባም ብዬ ተመለስሁ።»

«ጋሼ…» አልሁ።

«እስኪ አንዴ ድገምልኝ ልጄ። ያ የመጽሐፉ ታናሽ ወዲያው ነው የወጣ? በመጀመሪያው ቀን?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ይጠብቃሉ። ፊታቸው ላይ ያለውን ባያችሁት! ሕፃን ሆኜ «ነገ ትምህርት የለም» ሲባል እንዲህ ነበር የምሆን። «ቤቱ ባዶ ነው፣ የሚመልስለት የለም» ልበላቸው? ተነሥተው ዳግመኛ አይሄዱም። ቢሄዱስ ደግሞ፣ ያ ሰው ባይወጣስ? ልናዘዝ የሄድሁት ሰውዬ አፌን ከፍቼ ምን አልሁ?

«አይ ጋሼ፣ በመጀመሪያው አይደለም። ሦስት ጊዜ ነው የሄደ።»

«ሦስት!» አሉ። «እኮ! እኔም በመጀመሪያው ገርሞኝ ነበር። ሰው እንዲህ በቀላሉ አይታረቅም። ደራሲው አዋቂ ነው።» እጄን ፈልገው ጨበጡት። እጃቸው ሙቅ ነበር።

ለነርሷ ስነግራት፣ «አብደሃል?» አለችኝ። «ውሸት በውሸት ትጠግናለህ? ልብስ ሰፊው እንኳ በሱሪ ላይ ሱሪ አይሰፋም!»

በሁለተኛው ሳምንት ደግመው ሄዱ። እንዳልወጡላቸው የሰማሁት ከልጃቸው ነው። በርዷቸው፣ እያሳላቸው ነው የተመለሱ። «አባ ምን እንደያዛቸው እንጃ፣ ለዛፍ ስንት ዓመት አኩርፈው አሁን ካልሄድሁ ይላሉ» አለችኝ። ጥሊሊ ብርዱ በክረምት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሞተው ቢሆንስ እያልሁ ነው የምነቃው። የገዛሁትን መጽሐፍ ሁሉ መደርደሪያዬ ላይ ሳየው አስጠላኝ።

ሦስተኛው እሑድ። እኔ፣ ነርሷና ልብስ ሰፊው ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠናል። ውጭ ይዘንባል። ጋሼ ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ገና አልተመለሱም። «ዛሬ እዚህ ቢመጡ ፊት ለፊትህ እነግራቸዋለሁ፣ ማርያምን» አለች ነርሷ። ሙሉው መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ የእኔዋ ጉድ፣ በእሷ ትእዛዝ አምጥቻት፣ ጠረጴዛው ላይ። በዚህ መሀል ባጃጅ መጥታ ደጁ ላይ ቆመች። ጋሼ ወረዱ። ከኋላቸው ጋቢያቸው ዝናብ የጠጣ፣ ዱላ የያዙ ሌላ ሰው ወርደው እጃቸውን ያዟቸው። አፍንጫቸው ቁርጥ የጋሼ አፍንጫ ነው።

«በሦስተኛው ወጣ!» አሉ ጋሼ ገና ከበሩ። «ወንድሜ ነው። ተዋወቁት። እዚህ አምጥቼ ሻይ ላጠጣው ብዬ ነው።»

ወንድማቸው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ጨመቁ። «ምን ላድርግ?» አሉን አንገታቸውን ደፍተው። «ባልወጣ እዚያው ግንድ ላይ ሊሞትብኝ ነው። በሩን ስከፍት ‘መጽሐፉ ላይ ሦስተኛው ነው፣ አውቅ ነበር’ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራልኝ ስለዚያ መጽሐፍ ነው። እስኪ የታለች?»

ጋሼ ጠረጴዛውን ዳብሰው መጽሐፏን አገኟትና ሰጧቸው። «በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሯል፤ ያቺን የመጨረሻዋን ገጽ እሱ ራሱ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ያንተ ትረካ ይበቃል አሁን» አሉኝ።

ነርሷ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ወንድማቸው መጽሐፏን ከኋላ ገለጡ፣ ወፍራም ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አደረጉ። «ጉ… ጉሮሮ… ውን ጠር… ጎ… የወን… የወንድሙን ስም ጠ… ራ። ከቤት ው… ውስጥ…» ገለበጡ። የሚገለበጥ የለም። ጣታቸው የተቀደደው ጠርዝ ላይ ቆመ። ጠርዙን አንዴ፣ ሁለቴ ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው ተራ በተራ አዩን፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴ በቂ ነበር።

«ምነው ዝም አልህ? አንብብ እንጂ» አሉ ጋሼ።

ወንድማቸው ጣታቸውን ከጠርዙ ላይ አላነሡም። ዓይናቸውንም ከእኔ ላይ አላነሡም። «ከቤት ውስጥ ታናሹ ሰማ» አሉ። «ከመጀመሪያውም ሰምቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰምቶ ዝም አለ። አፍሮ ነው እንጂ ጠልቶ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሆነ፤ ታላቁም ይስል ነበር። ታናሹ ልቡ አልችል አለውና ወጣ። እጁን ይዞ አስገባው። ከእሳቱ ዳር አስቀምጦ እግሩን አጠበው።»

አንዴም አልተደናቀፉም።

ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። ነርሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። ጋሼ ግን ጆሯቸውን ቀስረው፣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ፊት እንደሚቆሙት ነበር የሚያዳምጡ። ስንት ዓመት ልጅ ያስነበቡ ሰው ናቸው።

«ጥሩ አነበብህ ወንድሜ» አሉ። ትከሻቸውን ፈልገው መታ መታ አደረጉላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይቺን መጽሐፍ በስንት ነው የገዛኋት ያልኸን?»

በየሳምንቱ የምንጠያየቀው ጥያቄ ነው፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። አራቱም ይጠብቁኛል።

«በመቶ ሃምሳ ብር» አልሁ።

«ሠላሳ አላልህም እንዴ!» አለ ልብስ ሰፊው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እሱም አልሳቀም።

«ውድ ናት» አሉ ጋሼ። «እንግዲያው የዛሬውን ሻይ አንተ ነህ የምትከፍል።»

«እሺ ጋሼ።»

የአምስታችንንም ሻይ ከፈልሁ። ስለ መጨረሻዋ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።